ሞህራንን ማን እንዳበላሸው ልጠይቅ ሞጣ ሄጄ

ዛሬ ሞጣ ላይ የገጠመኝን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። አፋችሁ ውስጥ ምግብ ካለ ዋጥ አድርጉና አንብቡ፤ ትን ቢላችሁ ተጠያቂ አይደለሁም።

አዲስ ለመጣችሁ፣ ስሜ ማስተዋል ነው። አዎ፣ ማስተዋል። ሳቃችሁን ለበኋላ አቆዩት።

ቢቸና መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት እዚህ ፔጅ ላይ ስለ ፊልም አደርቃችኋለሁ።

ነባሮቹ ሞህራንን ታውቁታላችሁ። እኔን አውቆ እሱን የማያውቅ ሰው የለም።

ለአዲሶቹ፦ ሞህራን የአንድ ሕንድ ፊልም ጀግና ነው። የጭነት መኪና ሾፌር። ፊልሙ የዛሬ ሰባት ዓመት በአማርኛ ተተርጉሞ እጃችን ገባ። ያው አንድ ሰውዬ ማይክ ይዞ ከላይ እየተናገረ የወንዱንም የሴቷንም የሕፃኑንም ድምፅ የሚያወጣበት ዓይነት ትርጉም ነው።

ሞህራን እንደ ሌሎቹ ጀግኖች ዘሎ ሰው ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ያናግራል። ሽማግሌ መንገድ ላይ ካየ መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ፣ "እንዴት ዋሉ አባቴ፣ ወዴት ላድርስዎ?" ይላል። ሊደበድቡት ለመጡት ስድስት ጎረምሶች ምን አላቸው? "ምሳ በልታችኋል? በባዶ ሆድ ዱላ ያዞራል።"

የወደዳትን ልጅ ደግሞ እንዲህ አላት።

"አንቺ ሰፈር ስደርስ ፍሬን አልይዝ ይለኛል።"

ላይ ላዩን ስትሰሙት የመኪናው ፍሬን ነው። ውስጡ ግን ፍሬ አለ፤ አንቺ ካልሆንሽ ፍሬ አልይዝም፣ ልጅ አልወልድም እያላት ነው። ይሄን መስመር ስሰማ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊመጣባችሁ ይገባል። ካልመጣባችሁ አይዟችሁ፤ እኔም ሰባት ዓመት አልመጣብኝም።

ነገሩ ከፊልም አለፈ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ የእንስሳት ሐኪም ለትዳር ጠየቀኝ። ደህና ሰው ነበር፤ በየትኛውም ሚዛን ደህና ሰው። አንድ ቀን ገበያ አብረን ስንሄድ ጭቃው አዳልጦኝ ወደቅኩ።

"አየሽ፣ ተጠንቀቂ ብዬሽ ነበር" አለኝ።

ሞህራን ቢሆን "መሬቱም ወዶሽ ነው" ነበር የሚለው። በዚሁ ተለያየን። ሰውዬው አሁን አግብቷል። ባለቤቱ ፎሎወሬ ናት። ሰላም ነሽ እህቴ።

እንግዲህ ከሦስት ሳምንት በፊት ክፍል ሁለት መጣ።

ሱቄን በቀን ዘጋሁ። በሩ ላይ "ለአስቸኳይ ጉዳይ ወጥቻለሁ" ብዬ ለጠፍኩ። ከውስጥ ቆልፌ፣ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ቁጭ አልኩ።

ሞህራን አይናገርም።

ልጅቷ ከስንት መከራ በኋላ አግኝታው "ናፍቀኸኝ ነበር" ስትለው "እሺ" አላት። እሺ? እኔ ነኝ ይሄን ልሰማ በቀን ሱቅ የዘጋሁት? ሽማግሌው መንገድ ላይ እጃቸውን ሲያውለበልቡ መኪናውን አቆመና "ግባ" አላቸው። አንተ ብሎ። ሞህራን፣ ሽማግሌን፣ አንተ።

የመኪናው ሞተር ድምፅ ሳይቀር ጠፍቷል። ክፍል አንድ ላይ ሞህራን በተናገረ ቁጥር ከኋላው ትር-ትር-ትር የሚል ሞተር ይሰማ ነበር። ሲያስብ ቀስ ይላል፣ ሲናደድ ይፈጥናል። ያንን እንኳ አንሥተውታል።

ያን ዕለት የጻፍኩትን ታስታውሳላችሁ። "ሞህራንን ማን ገደለው?" ይል ነበር ርእሱ። ስለ ፊልሙ ሠሪዎች ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ወደ ተርጓሚው ዞርኩ። ቃል በቃል ልጥቀሰው፤ መደበቅ ምን ይሠራል፦

"ይህ ሰው አማርኛ አያውቅም። የክፍል አንዱን ተርጓሚ መልሱልን። ይሄኛው ማይኩን ያስቀምጥና ሽንኩርት ይሽጥ።"

ሼር አደረጋችሁት። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ሼር አደረጉት። "ማይኩን አስቀምጥ" የሚለው ቃል በፎቶ ላይ ተጽፎ ተመልሶ ለእኔው ተላከልኝ። ኩራቴን አትጠይቁኝ። እናቴ ምን ሆነሽ ነው ብቻሽን የምትስቂው አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ኮሜንት ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ "እህቴ፣ ክፍል አንድን የተረጎሙት ሰው ሞጣ ናቸው። ጋሽ ይታያል ይባላሉ። ከገበያው ከፍ ብሎ ፊልም የሚጭኑበት ሱቅ አላቸው። ሄደሽ ብታያቸው ደስ ይላቸዋል።"

ሞህራን እዚሁ አጠገባችን፣ ሞጣ!

ዛሬ ጠዋት ሚኒባስ ከመሳፈሬ በፊት "እውነተኛውን ሞህራን ላገኘው ነው፣ ቪዲዮ ጠብቁ" ብዬ ፖስት አደረግኩ። ያ ፖስት አሁንም አለ። አልሰርዘውም፣ ይታይ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ጋሽ ተብለው እየተጠሩ እንኳ እኔ የአርባ ዓመት ሰው ነው የሳልኩት። ረዘም ያለ። ምናልባትም ያላገባ። ትናንት ፀጉሬን ተሠርቻለሁ።

ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ንግግሬን በልቤ ሳጠና ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ጸሎት መስሏቸው ወሬያቸውን አቆሙልኝ።

ሱቁን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ኮምፒውተር፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከፈለ ጓዳ። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጡት ሰው ስድሳን ያለፉ፣ ቀጫጫ፣ የመነጽራቸውን እግር በክር ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ምን ልጫንልሽ ልጄ?" አሉኝ።

ድምፁ ትንሽ ይጎረብጣል እንጂ የሞህራን ድምፅ ነው። ፀጉሬን ረሳሁት።

"ጋሽ ይታያል፣ ከቢቸና ነው የመጣሁት። ላመሰግንዎት ነው" አልኩና ያጠናሁትን ሁሉ አወረድኩት። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ባዶ ሆዱ ዱላ፣ ስለ ፍሬኑ። እሳቸው አቀርቅረው ይሰማሉ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት?

"ያ የክፍል ሁለቱ ሰውዬ ግን" አልኩ፤ "እንዴት ያለ ደረቅ ሰው ነው? ከእርስዎ ሥራ በኋላ እንዴት ደፍሮ ማይክ ይይዛል?"

ጋሽ ይታያል መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

"እሱም እኔው ነኝ" አሉ።

"ድምፁ ግን..."

"ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ሁለት ጥርሴንም በዚያው ሰሞን ነው ያስነቀልኩት።"

አንድ ባጃጅ በደጅ አለፈ። እኔ ባጃጁ ውስጥ መሆንን ተመኘሁ።

"ቢቸና ነው ያልሽኝ?" አሉ ቀስ ብለው። "ማስተዋል የምትባለዋን ልጅ ታውቂያታለሽ?"

ወገኖቼ፣ መዋሸት እችል ነበር። አፌን ከፍቼ "አላውቃትም" ልል ነበር። ግን የዚያችው ማስተዋል ፎቶ ስልካቸው ላይ ነበር፤ ባሕር ዳር ያለችው ሴት ልጃቸው ፖስቴን ልካላቸዋለች። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ፀጉርሽ ተለውጧል" አሉኝ።

ከመደርደሪያው ላይ የካርቶን ሣጥን አሳዩኝ። ማይኩ እዚያ ውስጥ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልወጣም። የሰፈሩ ወጣቶች በሱቁ በር ሲያልፉ "ማይኩን አስቀምጥ" እያሉ ሲስቁባቸው፣ እሳቸውም አስቀመጡት።

"ሽንኩርት መሸጡን አልጠላሁትም" አሉ። "ሸጬም አውቃለሁ። አማርኛ አያውቅም ያልሽው ነው። እኔ በልጅነቴ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፣ ልጄ።" ሌላ አልጨመሩም። ባይናገሩት ይሻለኝ ነበር፤ ቢቆጡኝ ደግሞ የበለጠ ይሻለኝ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበት ስሜ። ግን የእኔ ነገር መቼ ያልቃል፣ ቀና እንዳልኩ ጠየቅኳቸው።

"ታዲያ ጋሽዬ፣ ያው እርስዎ ከሆኑ ሞህራን ለምን ተለወጠ?"

"ሞህራን መቼ ተለወጠ?" አሉ። "እኔ ነኝ የተለወጥኩት። ክፍል አንድን ስተረጉም ሕንድኛ አንድ ቃል አልችልም ነበር።"

"እንዴት ተረጎሙት ታዲያ?"

"አፉን ሲያንቀሳቅስ መናገር፣ ሲዘጋ ማቆም ነው።" ከመሳቢያ ውስጥ ሦስት ደብተር አወጡ። በስልክ ትምህርት፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ሕንድኛ ተምረዋል። ገጹ ሁሉ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልቷል። "ክፍል ሁለት በሕይወቴ የመጀመሪያው ትክክለኛ ትርጉም ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አላጎደልኩም። እሺ ያልኩት እሺ ስላለ ነው። ክፍል አንድ ላይም እኮ 'እሺ' ነው የሚለው። ሰውየው ዝምተኛ ነው።"

ሞህራን ዝምተኛ ነው።

ሰባት ዓመት።

"ፍሬኑስ?" አልኩ። ልለምን ምንም አልቀረኝም ነበር። "አንቺ ሰፈር ስደርስ ፍሬን አልይዝ ይለኛል ያለውስ?"

ያ ጥያቄ አሁን መጣብኝ። ሕንድ በምን ዓይነት ተአምር ነው በአማርኛ ቅኔ የሚቀኘው? ቢቸና ተወልጄ፣ ቅኔ በሚዘረፍበት አገር አድጌ፣ ይሄን ለማሰብ ሞጣ ድረስ ሚኒባስ አስፈለገኝ።

ጋሽ ይታያል ሳይመልሱ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ ጀመረ።

ትር-ትር-ትር-ትር።

የሞህራን መኪና ሞተር። በቁሜ ደርቄ ቀረሁ። ሞተሩ ፈጠነ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ። ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ።

"ፍሬኑ የእኔ ነው።"

መጋረጃው ተገለጠ። የስፌት መኪና፤ ከስፌት መኪናው ኋላ አንገታቸው ላይ ሜትር ያንጠለጠሉ፣ ወፈር ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴትዮ። የጋሽ ይታያል ባለቤት ናቸው፣ እትዬ የዝና።

"ማስተዋል ማለት አንቺ ነሽ? ነይ ሳሚኝ" አሉኝ። "ጽሑፍሽን ደንበኞቼ አንብበውልኛል። እኔም አስደግሜያለሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ይታያል ሲቀዱ እትዬ የዝና በዚያችው ጓዳ ውስጥ ይሰፋሉ። ጋሽ ይታያል ቃል ሲያጥራቸው ቀና ብለው ያዩዋቸዋል። እትዬ የዝና ፔዳሉን እየረገጡ ስክሪኑን ያዩና "እንዲህ ቢላትስ?" ይላሉ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ሴት ልጅ ናት ተብሎ ያስተማራቸው ባይኖርም፣ ተማሪዎቹ ደጅ ላይ ሲቀኙ በር ሥር ተቀምጠው ሲሰሙ ነው ያደጉት።

ሽማግሌውን "እንዴት ዋሉ አባቴ" ያሉት እሳቸው ናቸው። ባዶ ሆዱም የእሳቸው ነው። ፍሬኑማ ሲነግሩኝ ፊታቸው ቀላ፤ በልጅነታቸው ጋሽ ይታያል እንዲሏቸው ጠብቀው ያላሏቸው ነው።

አሁን ቆም በሉና ሒሳቤን ሥሩልኝ። ለሰባት ዓመት ያፈቀርኩት፣ የእንስሳት ሐኪሙን እምቢ ያስባለኝ፣ ፀጉር ያሠራኝ ወንድ ማነው? እትዬ የዝና ናቸው።

"ለምን ተዉት ታዲያ?" አልኳቸው።

"እኔ መቼ ተውኩ? ሕንድኛ ሲገባው 'ዝም በይ የዝና፣ አሁን የሚለውን አውቄያለሁ' አለኝ። እግሬንም ከፔዳሉ አንሥቼ ዝም አልኩ። ሞህራንም አብሮኝ ዝም አለ።"

"ሰው ያላለውን ብሏል ማለት ውሸት ነው" አሉ ጋሽ ይታያል። ድምፃቸው ውስጥ ግትርነት ነበር፣ ድካምም ነበር። "አራት ዓመት የለፋሁት እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።"

"ማን ይከለክልሃል? እኔ ምን አልኩ? እኔማ ዝም በይ ተብያለሁ።"

የገባኝ ነገር፣ እነዚህ ሰዎች ክፍል ሁለት ከተቀዳ ጀምሮ ተኳርፈዋል። እትዬ የዝና ፊልሙን እስከዛሬ አላዩትም። እኔ ደግሞ ከቢቸና ተነሥቼ በዚያ ኩርፊያ ላይ እሳት ጨምሬያለሁ። ፖስቱን ልሰርዘው ስላቸው ጋሽ ይታያል "ተይው፤ እሷ በቃሏ ይዛዋለች፣ ምን ዋጋ አለው" አሉ።

ያኔ ነው የረባ ነገር የተናገርኩት፤ ከቀኑ ሁሉ አንዷ። "እትዬ፣ አንድ ጊዜ አብረውን ያዩታል?" አልኩ።

እምቢ ሊሉ ነበር። ግን ማየት ፈልገዋል፤ ዓይናቸው ያስታውቃል። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው።

የሞህራን እናት የታመሙበት ቦታ ላይ ደረስን። አልጋ ላይ ሆነው እጁን ይዘው "አትሂድብኝ" ይሉታል። እሱ አንዲት ቃል ይመልሳል። እኔ ከሦስት ሳምንት በፊት በጻፍኩት ፖስት "ለእናቱ እንኳ ቃል አጣ" ብዬ የሰደብኩት ቦታ ነው።

ጋሽ ይታያል ፊልሙን አቆሙት። "እሺ ነው የሚላት። ሌላ አይልም" አሉ፤ እንደሚከራከር ሰው።

እትዬ የዝና ስክሪኑን ብዙ አዩት። ሜትሩን ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉታል፣ ይፈቱታል።

"እዚህ ላይ እኔም ምንም አላስገባም ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ደግ አድርገሃል።"

ጋሽ ይታያል መነጽራቸውን እንደገና አውልቀው፣ ንጹሑን መነጽር፣ እንደገና ጠረጉት። እኔ ወደ ደጅ ዞሬ ባጃጅ የማይ መሰልኩ።

ሽማግሌው መንገድ ላይ የሚያውለበልቡበት ቦታ ስንደርስ ግን ጋሽ ይታያል ራሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እዚህ ጋ" አሉ፤ "'ይግቡ አባቴ' ቢል ሕንዱ የሚቀየም አይመስለኝም።"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ እትዬ የዝና።

"ተይ እንጂ የዝና።"

"ዝም በይ ያልከኝ ማነው?"

"እኔ ነኝ። አሁን ተናገሪ እያልኩሽ ነው።"

እትዬ የዝና ትንሽ አስጠበቋቸው። የሚገባቸውን ያህል አስጠበቋቸው። ከዚያ "'ይግቡ አባቴ፣ መኪናውም ሽማግሌ ነው፣ ትግባባላችሁ' ይበላቸው" አሉ።

ጋሽ ይታያል ሣጥኑን አወረዱ። ማይኩን ሰኩ። ያቺን አንዲት መስመር እዚያው ቀዷት። እትዬ የዝና አጠገባቸው ቆመው ስለነበር የስፌት መኪናውን ፔዳል የረገጥኩት እኔ ነኝ። ዝግ ብለሽ፣ ዳገት ላይ ነው አሉኝ፤ ዝግ አልኩ። የሞህራንን መኪና ነድቻለሁ። ቪዲዮ ግን የለኝም፤ ስልኬን ማውጣት አፍሬ ነበር።

ስለዚህ ማይኩን አስቀምጥ እያላችሁ የምትጽፉ ሁሉ፣ በእኔ ይሁንባችሁ፣ ተዉት። ሞጣ ያላችሁ ደግሞ በዚያ ሱቅ በር ስታልፉ እንዴት ዋሉ ጋሽዬ በሉ፤ የሚያስከፍል ነገር አይደለም። አማርኛ የማላውቀው እኔ ነበርኩ። ክፍል ሁለትም ሲደገም መጥፎ አይደለም፤ የሚናገር ሰው ዝም ሲል የምናየው ዝምታውን ብቻ ሆኖ ነው።

ልሄድ ስነሣ እትዬ የዝና ቀሚሴን ከኋላ ሳብ አድርገው "ይሄን ማን ሰፋው? ወገቡን አበላሽቶታል" አሉና ሳልጠይቃቸው ይለኩኝ ጀመር። ትከሻ፣ ክንድ፣ ወገብ።

"ለሠርግሽ እኔ ነኝ የምሰፋልሽ። መቼ ነው?"

"ባል መቼ ተገኘ እትዬ።"

"በዚህ መልክሽ?" ሜትሩን ወገቤ ላይ እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። የምር ነው የጠየቁኝ፣ እንደ እናት። "ምን ዓይነት ሰው ፈልገሽ ነው እስከዛሬ የቆየሽው?"

ይሄን ሁሉ ፖስት የምጽፈው ሴትዮ አፌ ተያዘ። ከሞጣ ቢቸና እስክደርስም ተይዞ ነበር።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?